መመሪያን ማን ይጠብቀዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። የመረጥሁት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የሁላችንንም ደጃፍ የሚያንኳኳ ነው። ይኸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን መመሪያ የሕዝብ እንደራሴዎች እንዴት ሊቈጣጠሩት ይገባል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከሥሩ እንነሣ። በፌዴራል መንግሥታችን ሕግ በሦስት ደረጃ ይወጣል። አዋጅን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣል። ደንብን፥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 እንደ ተጻፈው፥ ምክር ቤቱ በሚሰጠው ሥልጣን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል። መመሪያን ግን አንድ ሚኒስቴር ወይም አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ብቻውን ያወጣል። እንግዲህ አዋጅ አያት፥ ደንብ ልጅ፥ መመሪያ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የልጅ ልጅ ከአያቱ ፈቃድ የወጣ እንደ ሆነ ማን ይመልሰዋል?

ምክር ቤቱ ሁሉንም ነገር ራሱ ይጻፍ ማለት አይቻልም። አባላቱ ከ550 አይበልጡም፤ የሥራ ዘመናቸውም ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። የመድኃኒትን፥ የባንክን፥ የመንገድን ዝርዝር ሁሉ ሊያውቁ አይችሉም። ስለዚህ ሥልጣን ማካፈሉ ግድ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ፈቃዱን ሊያሳድስ፥ ገበሬው ስለ መሬቱ ሊጠይቅ ወደ ቢሮ በሄደ ጊዜ የሚገጥመው አዋጁ አይደለም፤ መመሪያው ነው። አንዳንድ ጊዜም መመሪያ እንኳ ሳይሆን ከበላይ የተላለፈ የሰርኩላር ደብዳቤ ነው። ሰውየው ያላየውን ጽሑፍ «ተላልፈሃል» ቢሉት ምን ብሎ ይመልሳል? «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል፤ ሕጉ በመሳቢያ ውስጥ ተደብቆ ከተቀመጠ ግን ማን በስሙ ሊያቆም ይችላል?

አባቶቻችን ሕግ የሚታወጅ ነገር መሆኑን ያውቁ ነበር። ነጋሪት የሚጐሰመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው፤ በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው ጋዜጣም «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ስለዚህ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን፥ ፓርላማው ባልተሰበሰበበት ጊዜ የሚወጣ አስቸኳይ ድንጋጌ ኋላ ለሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ባወጡት ሕግ፥ ሚኒስትሮች ከሚያወጧቸው ደንቦች ብዙዎቹ ለፓርላማ ይቀርባሉ፤ ፓርላማውም በ40 ቀን ውስጥ ሊሽራቸው ይችላል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 አንድ ምክር ቤት ብቻውን የመሥሪያ ቤትን ውሳኔ ሊሽር አይችልም ብሎ ፈረደ። ከዚህም በኋላ በ1996 በወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶች ደንባቸውን ለኮንግሬስ እንዲልኩ ታዘዙ፤ ለመሻርም ሁለቱ ምክር ቤቶች መስማማትና ፕሬዚዳንቱ መፈረም አለባቸው፤ ፕሬዚዳንቱ እምቢ ቢል ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸኑት ይችላሉ።

የእኛስ? በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት መሥሪያ ቤቱ ረቂቁን አስቀድሞ ማስታወቅ፥ የሕዝብን አስተያየት መቀበል፥ ከዚያም መመሪያውን ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር በተባለው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብና በድረ ገጽ መግለጽ አለበት። ያልተመዘገበ መመሪያ አይጸናም። ከሕግ ውጭ ነው የሚል ሰውም ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። መልካም በር ተከፈተ! ሆኖም መዝገቡን የሚይዘውም የአስፈጻሚው ወገን ነው፤ ሥልጣኑን ያካፈለው ምክር ቤት ግን መመሪያው እንዲጸና ድምፅ አይሰጥም።

አሁን ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ልመለስ። እነዚህ ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተሰብስበዋል፤ በክልል ጉዳይ የሚጠብቀን ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ቤታችን በጅማ፥ በአምቦና በጎጃም መንገድ ላይ ሆኖ እንጀራችን አዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ብስክሌት ላይ ክልከላ ባደረገ ጊዜ፥ የጭነት መኪናዎችንም የቀን ጉዞ በከለከለ ጊዜ፥ ክልከላው ከከተማው ወሰን ማዶ የሚኖረውንም ነካ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት፥ ማለት ወንጀልና የመንገድ መጨናነቅ፥ ቀላል አልነበረም። ግን የቡራዩ ሰው ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ድምፅ አይሰጥም። ታዲያ ቃሉን የሚያሰማው በምን በኩል ነው?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ አዋጅ 1183 የአዲስ አበባንም አስፈጻሚ አካላት ስለሚያዝዝ፥ ረቂቁ ሲወጣ አስተያየት መስጠት ነው። ሁለተኛው የምንመርጠው የፌዴራል እንደራሴ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

ሳይጠየቁ መወሰን የሚያስከፍለውን ዋጋ አካባቢያችን ያውቀዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሥቶ ብዙ ሰው ሞቶበታል፤ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደረገ። አስቀድሞ በግልጽ መመካከር ከዚህ ሁሉ ይረክስ ነበር።

«ቍጥጥር ሥራ ያጓትታል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፥ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ነገር ግን ባልተመከረበት መመሪያ የተዘጋ ሱቅ፥ በክርክር የባከነ ዓመት ከዚያ ይበልጣል። እኔ የምለው እንደራሴዎች መመሪያ ይጻፉ አይደለም፤ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች የተመዘገበውን መመሪያ ከአዋጁ ጋር ያመሳክሩት፥ ከሥልጣኑ ያለፈውንም ሚኒስትሩን ጠርተው ይጠይቁበት ነው። «ሰርኩላር ነው እንጂ መመሪያ አይደለም» የሚለውን ምክንያትም አይቀበሉ፤ የሰውን መብትና ጥቅም የሚነካ ጽሑፍ ስሙ ቢለወጥ ሥራው አይለወጥም።

ጓደኞቼ ሆይ! ወላጆቻችን ብዙ ደክመው ማንበብና መጻፍ እንድንችል አድርገውናል። ረቂቅ መመሪያ ሲወጣ አንብበን ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እናስረዳ፤ ቃላቸውንም ጽፈን ለመሥሪያ ቤቱና ለእንደራሴው እናድርስ። እንደራሴ የሚጠብቀው የሚያስታውሰው ሕዝብ ያለው እንደ ሆነ ነው።

 እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።