የወለቃ ወፎች

ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ፣ ብዙም ሳትርቁ ወለቃ ትደርሳላችሁ። እዚያ ከመንገዱ ዳር ጥቋቁር የሸክላ ቅርጾች ተደርድረው ይሸጣሉ፤ ወፍ፣ አንበሳ፣ ልጇን ያቀፈች እናት። አብዛኞቻችን የቱሪስት ማስታወሻ ነው ብለን እናልፋቸዋለን። እኔ ግን የቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ናቸው እላለሁ።

እስቲ አንዷን ወፍ አንሥታችሁ እዩአት። አንገቷ አጠር፣ እግሯ ደንደን ያለ ነው፤ ክንፏም ከገላዋ ላይ ተለጥፏል። ሠሪዋ ወፍ እንዴት እንደሚበር ጠፍቷት አይደለም። የቀጠነ አንገት ከወፍራሙ ገላ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የተዘረጋ ክንፍም በትንሽ ነገር ይገነጠላል። ስለዚህ ሴትዮዋ በረራውን በጭረት ብቻ ትነግረናለች። ላባ ለማሳየት በስንጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ጫር ታደርገዋለች፣ በቃ። እዚህ ላይ ያለው ቁጥብነት እኔን እጅግ ይገርመኛል።

ወቅቱም በሥራው ውስጥ እጁ አለበት። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከነካው፣ በውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ሸክላውን ያፈነዳዋል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው፣ እንጨቱና ኩበቱ እርጥብ ነው፣ እሳቱም የሚነደው ሜዳ ላይ ነው። ዝናቡ ቆሞ ደረቁ የበጋ ነፋስ ሲመጣ ነው ሥራው የሚደራው። ጥቁረቱም ቀለም አይደለም፤ እሳቱ ታፍኖ ጭሱ ወደ ገላው ሲገባ የሚመጣ ነው።

ይህን ሙያ ያቆዩት የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር። ርስት ለተነፈገ ሰው የቀረው የእጁ ሥራ ነበረ። ጎረቤቱ በጀበናቸው ቡና እየጠጣ፣ በምጣዳቸው እንጀራ እየጋገረ፣ መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ይህ በደል ነው፤ በደል ብለን ልንጠራውም ይገባል። ትንንሾቹ ቅርጾች የበዙት ኋላ፣ የውጭ ጎብኚ ወደ ጎንደር ሲጎርፍ ነው። ገዢ ፈልጎ መሥራት ጥበብን አያሳንስም፤ የትኛው ሠዓሊ ነው ያለ ገዢ የኖረ?

ከዚያ መንደሩ ተጓዘ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሸክላ ሠሪዎቹም አብረው ሄዱ። አንዳንዶቹ እስራኤል ገብተውም ጭቃውን አልተዉትም። ወለቃ ላይ ደግሞ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ሙያውን ይዘው ቀጠሉ፤ ዛሬም በሽያጩ ቦታ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ታያላችሁ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ ቅርጾች ብዙዎቹ በየሰዉ ቤትና በየአገሩ ተበትነዋል፤ የሠሪዋ ስም ግን አብሯቸው የለም። ለጥምቀት ጎንደር የምትወርዱ ካላችሁ፣ ጥር ደረቅ ወር ነው፣ ሴቶቹን ሥራ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ወፏን ስትገዙ፣ «እትዬ፣ ስምዎ ማን ይባላል?» በሏቸው። ከሥሯም በእርሳስ ጻፉት።