ዘይትና ጊዜ
ክብደት ለመቀነስ በቤት ውስጥ ስለሚበስል ምግብ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር




ስለ ድልድይና ስለ ግድብ መስማት ለለመደ ጉባኤ ስለ ወጥ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ቀኑን የምናሳልፈው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርበን የደም ግፊታችን ወይም በደማችን ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ማለቱ ሲነገረን ክብደት እንድንቀንስ እንመከራለን። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚፈጸመው በድስት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ድስቱን ማን እንደሚጥደውና ምን ያህል ዘይት እንደሚገባበት ካልታወቀ ከቃል አያልፍም። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው።

አስቀድመን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልበር አትዋተር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሰውን በተዘጋ ክፍል አስቀምጦ የሚያወጣውን ሙቀት በመለካት፣ የሰው አካልም እንደ ማናቸውም ሞተር ለኃይል ጥበቃ ሕግ ተገዥ መሆኑን አሳይቷል። እስከ ዛሬ የምንሠራበት አኃዝም ከእርሱ ጥናት የመነጨ ነው፤ ይኸውም 1 ግራም ፕሮቲን፣ ስታርች ወይም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ 1 ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እንጀራውን እንቆጥረዋለን፤ ሥጋውንም በዓይናችን እናየዋለን። ዘይት ግን ወጡ ውስጥ ገብቶ ስለሚሰወር፣ ከጭነቶች ሁሉ ከባዱ ሆኖ ሳለ ከሒሳብ ውጭ ይቀራል።

ይህን ስውር ጭነት ለመለካት የላቦራቶሪ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 5 ሊትር ዘይት በተከፈተ ቀን ቀኑን በዕቃው ላይ መጻፍ ብቻ ይበቃል። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በኃይል ሲተመን 41,400 ኪሎ ካሎሪ ነው። 4 ሰዎች ያሉበት ቤት ይህን በ25 ቀን ቢጨርስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 414 ኪሎ ካሎሪ ይደርሰዋል። ይህም በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ጎልማሳ ከምግቡ አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ያው ዘይት 50 ቀን ቢቆይ ግን ድርሻው ወደ 207 ይወርዳል። እንግዲህ ከገበታው አንድም የምግብ ዓይነት ሳይነሣ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዘይት ስለ ምን ይፈስሳል? ለዚህ ጥያቄ የረባ መልስ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ነው። እናቴ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱን በደረቅ ድስት ላይ ታቁላላለች፤ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ ታደርግበታለች፤ ዘይት የምትጨምረው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው። "የቸኮለ ሰው ነው ዘይት የሚያበዛ" ትላለች። አነጋገሯ ከፊዚክስ ጋር ይስማማል። ከሽንኩርት ክብደት ከአሥር ዘጠኙ ያህል ውኃ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለ ሆነ፣ ውኃው እስካላለቀ ድረስ ሽንኩርቱ ከዚያ ብዙም አልፎ አይሞቅም፤ ስለዚህም አይቀላም። ውኃው ሲያልቅ ሙቀቱ ከፍ ይልና ስኳሩ መቅላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ትዕግሥት ያላት ወጥ ሠሪ ይህን በማማሰያና በጠብታ ውኃ ትቆጣጠረዋለች፤ የቸኮለ ሰው ግን እንዳይዝበት ዘይት ያፈስስበታል። በአጭሩ ዘይት የጊዜ ምትክ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቅባቱ የተመጠነ ምግብ ለማብሰል ከሩቅ አገር የመጣ ውድ ሸቀጥ አያሻንም፤ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው አሠራር ብዙውን ነገር ይዞልናል። የዶሮ ወጥን እንመልከት፤ ዶሮዋ ቆዳዋ ተገፎ፣ በሎሚና በጨው ታጥባ ነው ድስት ውስጥ የምትገባው። ከዶሮ ቅባት ብዙው ከቆዳው ሥር ስለሚገኝ ልማዱ አስቀድሞ ሥራውን ሠርቶልናል። ሽሮ፣ ምስርና ክክ በፕሮቲንና በአሠር የበለጸጉ ስለ ሆኑ ሆድ ይይዛሉ፤ ለ4 ሰው በሚሠራ ሽሮ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ሥጋ ሲገዛ ከጮማው ይልቅ ቀዩ ይመረጣል። ዓሣም በዘይት ከሚጠበስ ይልቅ በቲማቲም፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ቢቀቀል ጣዕሙ አይጎድልም። ንጥር ቅቤን በተመለከተ መዓዛው እንጂ ብዛቱ አይደለም የሚፈለገው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በጭልፋ ከማፍሰስ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ከመከለሻው ጋር ጣል ማድረግ ይሻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ልጨምር። የጾም ምግብ ከሥጋና ከወተት የራቀ ነው እንጂ ከዘይት የራቀ ስላልሆነ፣ ጾም በራሱ ክብደት ይቀንሳል ብሎ መተማመን አይገባም። ሁለተኛም፣ ቅባት ሲቀንስ የጎደለውን ጣዕም በጨው ለመሙላት እጃችን ይቸኩላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ስለ ሆነ፣ ክፍተቱን በሎሚ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ መሙላት ይበጃል።

አሁን ደግሞ ስለ ፍጥነት። 1 ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። በዚህ ስሌት በቀን 207 ኪሎ ካሎሪ የቀነሰ ሰው በ10 ወር 8 ኪሎ መቀነስ ነበረበት። እኔ ግን በዚሁ መጠን ስመገብ የቀነስሁት 5 ኪሎ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ አካል ሲቀልል የሚያቃጥለውም ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የሒሳብ ሞዴል ይህንኑ ያስረዳል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ በሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ6 ወር ያህል በግማሽ ቀለብ ሲያቆያቸው፣ አካላቸው የኃይል ፍጆታውን ቀንሶ ነበር። ሐሳባቸውም ሁሉ በምግብ ተይዞ፣ ከመካከላቸው የምግብ አሠራር መጻሕፍት እስከ መሰብሰብ የደረሱ ነበሩ። ስለዚህ ራስን ከማስራብ ይልቅ ለዓመታት ሊዘለቅበት የሚችል ጥቂት ለውጥ ማድረግ ይመረጣል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ምግባቸውን መለወጥ የለባቸውም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ከዚህ ሁሉ የሚከብደውን ጉዳይ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ዘይት የጊዜ ምትክ ነው ካልን፣ ዘይቱን ስንቀንስ ጊዜውን የሚሰጠው ማን ነው? በብዙ ቤት ባል ክብደት ለመቀነስ ሲነሣ ለእርሱ ብቻ ሌላ ድስት ይጣዳል። ውላ የገባችው ሚስት፣ ወይም እናት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ ሁለት ወጥ ትሠራለች። እርሱ ይቀልላል፤ የእርሷ ሥራ ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ገበታው ይለያያል፤ ልጆች ከአባታቸው ጋር አንድ ትሪ ላይ አይቀርቡም፤ ጉርሻም ይቀራል። ጭነትን ከአንዱ ምሰሶ አንሥቶ ሌላው ላይ መጫን ንድፍ ማሻሻል አለመሆኑን እኛ መሐንዲሶች ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ድስቱ አንድ ይሁን፤ የሚታረመውም የጋራው ድስት ይሁን፤ ጊዜውን ደግሞ ክብደት መቀነስ የፈለገው ሰው ራሱ ይስጥ። በቤታችን እሑድ ጧት 3 ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ ያለ ዘይት የማቁላላው እኔ ነኝ። ከመክተፉ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቁሌቱን ከፋፍለን በረዶ ቤት ስለምናስቀምጠው፣ ባለቤቴ በሥራ ቀን ማታ ወጡን የምታደርሰው በግማሽ ሰዓት ነው። በከተማችን ከፍታ ጥራጥሬ ቶሎ ስለማይበስል፣ ሽንብራና ባቄላውንም ቅዳሜ ማታ የምዘፈዝፈው እኔው ነኝ። እንግዳ መጥቶ "በሞቴ" እያለ ሲያጎርሰኝም እጎርሳለሁ፤ ተንቀሳቃሽ ጭነትን ያላሰበ ንድፍ ንድፍ አይደለምና፣ ያቺ ጉርሻ አስቀድማ በሒሳቡ ገብታለች።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቤት ስትደርሱ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። በዘይቱ ዕቃ ላይ የዛሬውን ቀን ጻፉ። ቀጥሎም ሽንኩርቱ የሚከተፈው በማን እጅ እንደ ሆነ ተመልከቱና፣ ቢላዋውን ተቀበሉ።