የኮሌጅ ተማሪና የሰውነት ማጎልመሻ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ደጀን ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሥርዋ ያለው የዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚህ አገር የተወለደ ልጅ እግሩን የሚያጠናው በዳገትና በቁልቁለት ነው። ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ፣ በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ ሲመላለስ 600 ደቂቃ በእግሩ ይጓዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የመከረው መካከለኛ እንቅስቃሴ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። እንግዲህ የገጠሩ ተማሪ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለአዋቂ የተመከረውን ከፍተኛ መጠን እጥፍ አድርጎ ይፈጽማል ማለት ነው።

ይኸው ተማሪ ፈተናውን አልፎ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። መኝታው፣ ምግብ ቤቱ፣ የመማሪያ ክፍሉና ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። ቀን ተቀምጦ ይማራል፤ ሌሊት ተቀምጦ ያጠናል፤ የተረፈችውንም ጊዜ ስልኩ ይወስድበታል። መንገዱ ሲያጥር ጉልበቱም አብሮ ያጥራል።

ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልብ ራስዋ ጡንቻ ናት። በልምምድ ስትጠነክር በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይበዛል፤ ከዚህም የተነሣ በዕረፍት ጊዜ የምትመታው ቁጥር ይቀንሳል። ልምምዱ ሲቋረጥ ግን የተገኘው ጥቅም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። በልጅነት የተከማቸ ጉልበት ለዕድሜ ልክ ስንቅ አይሆንም።

ከዚህም ሌላ የአስተሳሰብ እንቅፋት አለ። ገበሬው አባት ልጁን ወደ ትምህርት የላከው ከሞፈርና ከቀንበር እንዲያርፍለት ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው ያለ ጉዳይ ሲሮጥና ሲያልበው ማየት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። በግቢም ቢሆን ስፖርት የተጫዋቾች ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ ሃያ ሁለቱ ሲጫወቱ የቀሩት ዳር ቆመው ያያሉ። ይሁንና አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበረ፣ በሩጫውም ጊዜ ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ሰው መታጠፉ የዚያ ልማድ ምልክት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የኦሊምፒክ ወርቅ የጥቂቶች ዕድል ነው፤ ጤናማ ልብ ግን ለብዙዎች የሚደረስበት ሀብት ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአካል ብቃት ትምህርት በጋራ ኮርስነት መሰጠት መጀመሩ የሚመሰገን እርምጃ ነው። ዳሩ ግን በአንድ መንፈቀ ዓመት ትምህርት ብቻ የዓመታት መቀመጥ አይካካስም። ኮርሱ ሲያልቅ ልማዱ የሚቀጥልበትን መንገድ ማሳየት የመምህሩ ፈንታ ነው።

መንገዱም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብሎ ይራመድ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ 30 ደቂቃ ቢያደርሰው 150 ደቂቃው ይሞላለታል። የፍጥነቱ መለኪያ ቀላል ነው፤ እየሄደ መነጋገር የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ሰው በመካከለኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ አንድ ደቂቃ በሶምሶማ መሮጥ ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣትን፣ ፑሽ አፕንና ገመድ ዝላይን ቢጨምር ጡንቻውና አጥንቱ ይጠነክራሉ። ከግቢ መውጣት በማይመችበት ወይም ጸጥታ በሚጓደልበት ጊዜ እነዚህ ሁሉ በመኝታ ቤት ደጃፍ ሊሠሩ ይችላሉ። እስክስታም ቢሆን በደንብ ከተመታ ልብን የሚያሠራ ልምምድ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ተማሪ አየሩ እስኪስማማው ድረስ ቀስ ብሎ ይጀምር። ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ደግሞ ቁልቁለት ቀላል እንዳይመስለው፤ በቁልቁለት የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ሕመሙ የሚበረታው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው። በሸለቆው ሙቀት ላይ የውሃ እጥረት ሲጨመር አደጋው የባሰ ይሆናል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ተማሪ በጾሙ ሰዓት ቀላል እርምጃ ብቻ ያድርግ፤ ሩጫውን ከበላና ከጠጣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢያደርገው ይሻላል። ከሁሉ በላይ፣ በሩጫ መካከል ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚስት ተማሪ ሰነፍ ተብሎ አይገሠጽ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረውና የልብ ቫልቮችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ በሽታ በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ ብዙ ነውና ወዲያው ልምምዱን አቁሞ ወደ ሐኪም ይላክ።

የሴት ተማሪዎችም ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሜዳው ከጧት እስከ ማታ በወንዶች ኳስ ተይዞ ሳለ ሴቶቹ አይሠሩም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ለእነርሱ የተለየ ሰዓት፣ ብርሃን ያለበት ሥፍራና የሚያበረታታ መምህር ሊመደብላቸው ይገባል።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣ ከደጀን አፋፍ የመጣው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የፈተና ውጤቱ ነው፤ ሁለተኛው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሠራው እግሩ ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ይጠብቁለታል። ሁለተኛው ጠባቂ የለውም። አራትና አምስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ በልጅነቱ ይሮጥበት የነበረውን ዳገት በየእርምጃው እያረፈ የሚወጣ ምሩቅ፣ ዲግሪውን ቢያገኝም ያጣው ነገር አለ። እንዲህ እንዳይሆን መጠበቅ የእያንዳንዱ መምህር አደራ ነው።