የዘፋኝ ድምፅና የመራጭ ድምፅ
(በራዲዮ የተነገረ)



በቋንቋችን ከጉሮሮ የሚወጣውም፣ ለምርጫ የሚሰጠውም «ድምፅ» ይባላል። ኃላፊነታቸው ግን የተለያየ ነው።

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአፋን ኦሮሞ ዘፈኖቹ የብዙ ወጣቶችን ብሶት ገለጠ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ፣ በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሞቱን በተከተለው ሁከትም የብዙ ንጹሓን ሕይወት ጠፋ። የዘፋኝ ቃል በሕዝብ ልብ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ከሐዘኑ ብዛት ታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በሂፕ ሆፕም ሆነ በሌላ ስልት የሚያዜሙ ወጣቶች በደልን ሳይፈሩ ይግለጡ፤ ነገር ግን ወገንን ከወገን ከሚያጋጭ ቃል ይጠበቁ፤ አድማጫቸውንም ወደ ምርጫ ጣቢያ ይምሩ።

ሆኖም ዘፋኝ ብሶታችንን ይናገርልናል እንጂ አይመርጥልንም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት አለው፤ ድምፁንም በምስጢር ይሰጣል። ሃጫሉ በሞተ ዓመቱ ሳይሞላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምርጫ ሲደረግ፣ የዝነኛውም የተላላኪውም ድምፅ እኩል ተቆጠረ።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ በሻይ ሰዓት የምታሰሙትን ምሬት በዘፈን ስትሰሙት፣ «እውነቱን ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የምርጫ ጊዜ ሲደርስ የመራጭነት ካርድ አውጡ፤ የዕጩዎችን ሐሳብ መርምሩ፤ በዕለቱም ማልዳችሁ ተሰለፉ። ጭብጨባ ከኮሮጆ ገብቶ አይቆጠርምና።