ሄደው የተመለሱት አስተማሪ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የማኅበሩ ኮሚቴ «ዘንድሮ ስለምትወዱት አንድ አስተማሪ ንገሩን» ብሎ ሲጠይቀኝ ብዙ አላሰብኩም። እኔም በማስተማር ሥራ ላይ ዓመታት ስላሳለፍኩ የማመሰግናቸው መምህራን ብዙ ናቸው። ዛሬ የማነሣው ግን የአስተማሪዎቻችን አስተማሪ የነበሩትን አቶ ዮና ቦጋለን ነው። እስቲ ማታ ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን «ዕብራይስጥ መጀመሪያ ማን አስተማራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የመንደሩን መምህር ይጠራል፣ ሌላው አምቦበርን ይጠራል። ያንን መምህር ደግሞ ማን አስተማረው፣ ትምህርት ቤቱንስ ማን መራው ብላችሁ ክሩን ወደ ኋላ ብትስቡት ብዙ ጊዜ አቶ ዮና ዘንድ ትደርሳላችሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባሉ አይሁዳዊ ሊቅ ከአውሮፓ ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። ቤተ እስራኤልን በዓይናቸው አይተው ተመለሱና «እነዚህ ወንድሞቻችን ናቸው» ብለው መሰከሩ። ሰሚ ግን ብዙ አላገኙም። ፓሪስ ላይ ሲያስተምሩ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል ወጣት ነበር። ይህ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን በልቡ ይዞ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ። ልብ በሉ፤ መምህሩ አይተው ከተመለሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። እንግዲህ ማስተማር ማለት ይህ ነው። ዛሬ የተናገርከው ቃል መቼ እንደሚበቅል አታውቅም።

ዶክተር ፋይትሎቪች ከኛ ልጆች መካከል እየመረጡ ወደ ውጭ አገር እየወሰዱ ያስተምሩ ነበር። ሐሳባቸው ልጆቹ ተምረው እንዲመለሱና ወገናቸውን እንዲያስተምሩ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አቶ ታምራት አማኑኤል ናቸው። አስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳሉ አገኟቸው፤ ከዚያ ፓሪስና ፊሬንሴ ተማሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ዲሬክተር የሆኑት እሳቸው ናቸው። ኋላም በ1963 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። ከሄዱት ወጣቶች ሁሉም እንዲህ አልቀናቸውም። በሰው አገር ታመው የሞቱም አሉ። የትምህርት ዋጋ በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ነበር።

አቶ ዮና የተወለዱት በ1908 ገደማ ጎንደር ከተማ አጠገብ፣ ወለቃ ነው። ወለቃን ታውቁታላችሁ፤ እናቶች ሸክላ የሚሠሩበት፣ አባቶች ብረት የሚቀጠቅጡበትና ሸማ የሚሠሩበት መንደር ነበር። ከዚያ መንደር ገና ልጅ ሳሉ በ1921 ፋይትሎቪች ወሰዷቸው። መጀመሪያ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎ ጀርመን፣ ከዚያም ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተማሩ። ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ አወቁ። አማርኛውና ግዕዙም አብሯቸው ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ይህን ሁሉ ቋንቋ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር? በጣት የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ሥራ ይዞ፣ ጥሩ ቤት ገብቶ፣ «ከየት ነህ?» ሲሉት ወለቃን ሳያነሣ መኖር ይችል ነበር። ያን ጊዜ የኛን ሰው «ቡዳ» ብለው የሚሸሹት፣ መሬትም የማይሰጡት ብዙ ነበሩና ዘርን ደብቆ መኖር ለብዙዎች ፈተና ነበር። አቶ ዮና ግን ወገናቸውን አልተዉም። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ጣሊያን አገሩን ሲወር ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጣሊያን በ1941 ከወጣ በኋላ አቶ ዮና በመንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ። ይህ በዚያን ጊዜ ትልቅ ወንበር ነው። በ1950ዎቹ የአይሁድ ኤጀንሲ ለቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶች ሲከፍት ግን ያንን ወንበር ትተው ወደ መንደሮቹ ልጆች ዞሩ።

ሄዶ የተመለሰ አስተማሪ የምለው እንግዲህ ይህን ነው። መመለስ ሲባል የአገር መመለስ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ልብም ይመለሳል።

በ1955 አስመራ ውስጥ ለወጣቶቻችን የመምህራን ማሰልጠኛ ተከፈተ። በዚያው ዓመት 12 ልጆች እስራኤል መጥተው ራዕናና አጠገብ ባለው በክፋር ባትያ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት 15 ተጨመሩ። በጠቅላላው 27 ልጆች ማለት ነው። 27 ዛሬ ለናንተ አንድ ክፍል እንኳ የማይሞላ ቁጥር ነው። ከነሱ አብዛኞቹ ተመልሰው ሄደው በመንደሮቹ አስተማሪዎች ሆኑ። በጎንደር ገጠር፣ መብራት በሌለበት፣ ተማሪው ከብት ጠብቆ በሚመጣበት ጎጆ ውስጥ ቆመው አሌፍ ቤት አስተማሩ።

ችግሩስ? ችግሩ ብዙ ነበር። ገና ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በጀት የለም ተባለና አብዛኞቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አምቦበር ከቀሩት አንዱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ልጆቹ ፊደል ቆጥረው፣ ወላጆች ተስፋ አድርገው፣ ሲዘጋ ምን ይባላል? ሌላ ሰው ቢሆን «ከእንግዲህ በቃኝ» ይል ነበር። አቶ ዮና ግን በቀረው ቀጠሉ። ለውጭ ማኅበራት ደብዳቤ መጻፍ፣ እንግዳ ሲመጣ መቀበል፣ ስለ ወገናቸው መመስከር አላቋረጡም። ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ1973 ነው። የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ ለኛም እንዲሠራ ያደረገው በ1975 ነው። አቶ ዮና ያንን የማስተማር ሥራ ሲይዙ ይህ ሁሉ ገና ሃያ ዓመት ይቀረው ነበር። እንደሚሆን ማንም ቃል አልገባላቸውም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚል ተረት አለን። ለኛ ሰዎች ግን ይህ ተረት አልሠራም። አያቶቻችን አይተው የማያውቁትን ኢየሩሳሌም ይናፍቁ ነበር። ናፍቆቱን በልባቸው የተከሉት ቄሶቻችን ናቸው፤ በኦሪትና በጸሎት፣ በስግድ ተራራ ላይ። አስተማሪዎቹ ደግሞ ለዚያ ናፍቆት ቋንቋ ጨመሩለት። ልጁ «ሻሎም» ማለትን፣ «ኤሬጽ እስራኤል» ብሎ መጻፍን ያወቀው ከነሱ ነው። በሱዳን በረሃ አቋርጠው በእግራቸው ከመጡት መካከል፣ ኋላም በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ከገቡት ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል፣ በነዚያ ጎጆዎች የተማሩ ብዙዎች ነበሩ።

አቶ ዮና ራሳቸው እዚህ የገቡት በ1979 ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነበር። ማረፍ ይገባቸው ነበር። የቆየ ሥራቸው ግን እዚህም ተከተላቸው። ቀደም ሲል የበዓላቱን ቀን በአማርኛ የሚያሳውቅ የቀን መቁጠሪያ አዘጋጅተው ነበር፤ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አሰናድተዋል። በ1987 ዐረፉ።

እስቲ ስለ መዝገበ ቃላት ትንሽ ልናገር፤ ምክንያቱም እናንተን የሚነካው ይህ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለት ዓምድ አለው። በአንድ በኩል ዕብራይስጥ፣ በሌላው በኩል አማርኛ። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኛ እዚህ አገር ስንመጣ ግን አንዱ ዓምድ እየወፈረ ሌላው እየሳሳ ሄደ። ልጅ በሦስት ወር ዕብራይስጥ ተናገረ፤ አባት በኡልፓን ወንበር ላይ ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ምን ሆነ? ልጁ ለአባቱ ተርጓሚ ሆነ። በባንክ፣ በቢቱሃ ሉሚ፣ በሐኪም ፊት፣ በራሱ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ እንኳ ሳይቀር! አሥር ዓመት የሞላው ልጅ መምህሩ ስለ እሱ የተናገረችውን ለአባቱ ይተረጉማል። ያኔ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። አባት አንገቱን ይደፋል፤ ልጅም በአባቱ ማፈር ይጀምራል።

ጥሩ አስተማሪ ለኔ ልጁን ወደ አዲስ ነገር ሲያሻግረው በአባቱ እንዲያፍር የማያደርግ ነው። ሁለቱን ዓምድ ጎን ለጎን የሚያቆም ነው። አቶ ዮና አውሮፓን አይተው ተመልሰው «የናንተ ነገር ኋላ ቀር ነው» ብለው ብቻ አልቆሙም። ከሰው ጋር የሚያገናኘንን ዕብራይስጥ አመጡ፤ ያመጡትም በአማርኛ እያስረዱ ነው።

አሁን ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ስላሉት ልንገራችሁ። በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ያስተማሩ መምህራን አብዛኞቹ እዚህ መጥተዋል። ብዙዎቹ ግን እዚህ አስተማሪ አልተባሉም። የምስክር ወረቀታቸው አልተቆጠረም፤ ቋንቋውም አልበቃም። ጠባቂ ሆኑ፣ ጽዳት ሠሩ፣ ፋብሪካ ገቡ። በሰፈራችን አንድ አዛውንት አሉ። እዚያ ብዙ ዓመት አስተምረዋል፤ እዚህ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ጽዳት ነው። አንድ ቀን በጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘው ተቀምጠው ሳለ ነጭ ልብስ የለበሰች ነርስ ከውስጥ ወጥታ ስም ስትጠራ ዓይኗ እሳቸው ላይ ዐረፈ። ወረቀቷን አስቀመጠችና «የኔታ!» ብላ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሷም ዞር ብላ በዕብራይስጥ «እኚህ ሰው ማንበብ ያስተማሩኝ ናቸው» አለች። እኔም ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩ። እኚህን አባት በየቀኑ ከደረጃ ላይ የሚያይዋቸው ጎረቤቶች መምህር መሆናቸውን ያወቁት በዚያች ቀን ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ከናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ባግሩታችሁን ይዛችሁ፣ ሠራዊት ጨርሳችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከሰፈር ስትወጡ እሰየው። ውጡ፣ እንኳን ወጣችሁ! ግን ተመለሱ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ከሰባተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ተቀምጣችሁ ሒሳብ ሥሩ። ልጁ ከሒሳቡ ይልቅ «ይህም ከኛ ሕንጻ የወጣ ነው» የሚለውን ይማራል። ይህን ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ማድሪኽ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊሰጠው አይችልም።

ሁለተኛ፣ አማርኛችሁን አትጣሉ። ደብተር ግዙ፤ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በየቀኑ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ የሰማችሁትን አንድ አዲስ ቃል በአንዱ በኩል፣ ዕብራይስጡን በሌላው በኩል ጻፉ። በዓመት 365 ቃል ይሆናል። ያኔ እናታችሁ ዋዛ ስታወራ ትስቃላችሁ፣ ስትመክር ይገባችኋል። ለእናት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ሦስተኛ፣ በየሰፈራችሁ ያሉትን የድሮ መምህራን ፈልጉ። ዕድሜያቸው ሄዷል፤ ነገ አይጠብቀንም። ሂዱና ቡና ጠጡ፣ ጠይቋቸው። ስንት ልጅ አስተማሩ? በምን ላይ ይጽፉ ነበር? ጠመኔ ሲያልቅ ምን ያደርጉ ነበር? ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ይህ መጽሔት በሚቀጥለው ዓመት የነሱን ቃል ይዞ ቢወጣ ከዛሬው ንግግሬ በጣም ይበልጣል።

እናንተ ወላጆችም አደራ። ልጃችሁ መምህሩን አክብሮ እንዲነሣ አስተምሩት። በኛ አገር ልጅ ለመምህር ይነሣ ነበር። ኦሪታችንም በሽበታም ፊት ተነሣ፣ ሽማግሌውን አክብር ትላለች። ይህ ልማድ ከዚህ አገር ኑሮ ጋር የሚጣላ አይደለም።

አቶ ዮና ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ያስተማሯቸው ግን አስተምረዋል፣ የነዚያም ተማሪዎች ዛሬ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መኮንን፣ ነርስ፣ አስተማሪ ሆነዋል። ከሃሌቪ የተጀመረው ክር አልተበጠሰም። አሁን ጫፉ እናንተ እጅ ላይ ነው።

እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።