የጠገበ ልጅ ይጫወታል



ዛሬ ፊደል አናስቆጥርም። ፊደሉን አሁን እናንተው ታውቁታላችሁ። ዛሬ ስለ ልጆቻችን እንነጋገር። ገንዘብ ሳይበዛ ልጅን እንዴት እናጠግበው? እንዴትስ እናስደስተው? ይህን ንግግር መጀመሪያ ያደረግነው በቱም፣ ከማታው ትምህርት በኋላ፣ በፋኖስ ብርሃን ነበር። ሰምታችሁ ስታበቁ፣ «ይጻፍልንና እኛው እናንብበው» አላችሁን። እነሆ ጻፍነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች ነን። ዕድሜያችን ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። ማናችንም ልጅ አላሳደግንም። ቱም ስንደርስ በሻንጣችን ብስኩትና ከረሜላ ይዘን ነበር። ልጆች ወደ ክፍሉ በር ሲመጡ አንዳንድ እንሰጣቸው ነበር። እነሱም ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ አለን።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ያረፍንበት ቤት እናት ቅር ብሏቸው አገኘናቸው።

«ልጆቼ፣ ምን አደረጋችሁኝ?» አሉን። «ትንሿ ጎደሬ አልበላም አለች። ብስኩት ነው የምትለው። ያስቀመጥኳትን እንቁላል ሸጬ ብስኩት ልግዛላት እንዴ?»

መልስ አጣን። እንቁላል ሥጋና አጥንት ይገነባል። ብስኩት ዱቄትና ስኳር ነው። እንቁላሉ ከቤት ወጥቶ ብስኩቱ ወደ ቤት ቢገባ፣ ልጂቱ አትርፋለች ወይስ ከስራለች? ከስራለች። ያከሰርናት ደግሞ እኛ ነን።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከዚህ ይብሳል። ልጆች ሁሉ ለብስኩት ሲሻሙ አንድ ሕፃን ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ አይነሳም ነበር። ዕድሜው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው። ፊቱ ሞላ ያለ ነው፤ እግሩም ወፍራም ነው። እኛም እናቱን፣ «ምን የመሰለ ወፍራም ልጅ አለሽ!» አልናት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ታናሹ ከተወለደ ወዲህ ጨዋታ ትቷል» አለች። እኛ፣ «ቀንቶ ይሆናል፣ ይተወዋል» ብለን አለፍነው።

በሌላ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። የሕፃኑን እግር በአውራ ጣቷ ጥቂት ተጭና ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ በእግሩ ላይ እንዳለ ቀረ፤ አልሞላም። ውፍረት አልነበረም፤ እብጠት ነበር። ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። በሕክምናና በምግብ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳነ። ቢዘገይ ኖሮ ይሞት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኛ የተማርነው ፊቱን አይተን ተሳሳትን። እናቱ ግን ጨዋታውን አይታ አውቃ ነበር። ከዚህ የተማርነውን ለእናንተው እንመልስላችሁ፦ የጠገበ ልጅ ይጫወታል። ጨዋታ የተወ ልጅ ወይ ርቦታል፣ ወይ ታሟል።

ሆድ ሞልቶ ሰውነት ሲራብ

ያ ሕፃን በየቀኑ ይበላ ነበር። ታዲያ ምን ነካው? እናቱ ስታረግዝ ጡት ተወ። ከዚያ ወዲህ ምግቡ ጎደሬና ቆጮ ብቻ ሆነ። ሲያለቅስ ጨሞ ይሰጠዋል። ሆዱ ይሞላል፤ ሰውነቱ ግን ይራባል።

ይህ በሽታ የቱም ብቻ አይደለም። ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም ነበሩ። ብዙ ሕፃናት እንዲህ እያበጡ ሲሞቱባቸው እናቶቹን ጠየቁ። እናቶቹም በጋ ቋንቋቸው «ክዋሺዮርኮር» አሏቸው። ትርጉሙ፣ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሐኪሟም በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጽፈው ለዓለም አስታወቁ። የዓለም ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠሩት እናቶቹ ባወጡለት ስም ነው። የቱሟም እናት ያለችን ያንኑ አይደል? «ታናሹ ከተወለደ ወዲህ» ነው ያለችው።

ጎደሬና እንሰት መጥፎ ምግብ ናቸው አንልም። አገር የያዙ ምግቦች ናቸው። ጉልበት ይሰጣሉ። ነገር ግን ገንቢ ምግብ በውስጣቸው ጥቂት ነው። ቤት በምሰሶ ብቻ አይቆምም፤ ማገርም ጭቃም ይፈልጋል። የልጅ ሰውነትም እንደዚሁ ነው።

የደጃችን ፋፋ

በ1950ዎቹ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ይካሄድ ነበር። ከዚያ ሥራ «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ዱቄት ተገኘ። በውስጡ ምን ነበረው? ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄትና ሌላም ተጨማሪ። ምሥጢሩ እህልና ጥራጥሬ መደባለቁ ነው። ይህን ደግሞ እናቶቻችን «ምጥን» ብለው ያውቁታል። ፋብሪካ አያስፈልገውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

3 ጣሳ በቆሎ ወይም ማሽላ ውሰዱ። 1 ጣሳ ባቄላ፣ አተር ወይም ቦሎቄ ጨምሩ። ሁሉንም ለቅማችሁ ለየብቻ ቁሉ። ጥራጥሬውን ከክታችሁ ገለባውን አንሱ። ከዚያ አብራችሁ አስፈጩ። በዚህ ዱቄት ለሕፃኑ ገንፎ ሥሩ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ አይሁን። ቀጭን ገንፎ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ቅቤ ወይም ዘይት ካለ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉበት።

ዱቄት ባይኖርስ? ጎደሬውን ቀቅላችሁ ከበሰለ ቦሎቄ ጋር አድቅቁት። ጎደሬ በደንብ ይብሰል። በውስጡ በዓይን የማይታዩ እንደ መርፌ የሾሉ ነገሮች ስላሉ፣ ጥሬነት ያለው ጎደሬ አፍና ጉሮሮ ያሳክካል። ልጅ «አልበላም» ሲል አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ከጓሮ አንድ ነገር ጨምሩ። ጎመን ቢሆን በደቃቁ ከትፋችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩት። ዱባ ቢሆን ውስጡ ቢጫ የሆነውን ቀቅላችሁ አላሙት። ፓፓያም ማንጎም ጥሩ ነው። እነዚህ ልጅን ከዳፍንት ይጠብቃሉ፤ ዓይን በምሽት እንዲያይ ይረዳሉ።

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ይጀምር፤ ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። የልጅ ሆድ ትንሽ ናት። እንደ ትልቅ ሰው ጧትና ማታ ብቻ ቢበላ አይበቃውም። ዓመት የሞላው ልጅ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይብላ። በመሃል ሙዝ ይያዝ።

እናት ቡና ለቀማ ስትውል ልጁን የምትጠብቀው ታላቅ እኅቱ ናት። እሷም ራሷ ልጅ ናት። ስለዚህ የቀኑ ምግብ ጧት ተዘጋጅቶ፣ ተከድኖ ይቀመጥላት። «ሲያለቅስ ስጪው» ሳይሆን «ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ስጪው» በሏት። ሳታበላው በፊት እጇን እንድትታጠብም ንገሯት።

ስለ ጨሞም አንድ ቃል። የቡና ቅጠል ለትልቅ ሰው መልካም ነው፤ እኛም ጠጥተን ወደነዋል። ለሕፃን ግን የምግብ ቦታ ይወስድበታል። ልጅ ሲያለቅስ መጀመሪያ ምግብ ይቅረብለት።

ማር የአካባቢያችን ሀብት ነው። ሆኖም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ትልቅ ሰውን ባይጎዳም፣ ጨቅላን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል።

የእንቁላል ሒሳብ

አሁን ሒሳብ ተምራችኋልና አብረን እናስላ።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። 50 እንበል። አንድ ቤት 3 ዶሮ ቢኖረው፣ 3 ጊዜ 50፣ 150 እንቁላል ይሆናል። ሁለት ትንንሽ ልጆች በየሳምንቱ አንዳንድ እንቁላል ቢበሉ፣ በዓመት 52 ሳምንት ስላለ፣ 104 ይበላሉ። የቀረው 46 ለማስፈልፈልና ለገበያ ነው።

«እኛ ግን ሁሉንም እንሸጥ ነበር» ያላችሁን አለን። እናውቃለን። ጨውና ሳሙና ከየት ይምጣ? እውነት ነው። እኛም ሁሉን አትሽጡ እንጂ፣ ምንም አትሽጡ አላልንም። በእንቁላሉ ገንዘብ ጨውና ሳሙና ከተገዛ መልካም ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ግዙ፤ እንቅርትን ይከላከላል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በአገራችን ደንብ ወጥቷል። ጨዉን ክደናችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ብስኩትና ከረሜላ ግን ይቆዩ።

የቡና ገንዘብም አለ። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ አንድ ጊዜም ይሄዳል። ክረምት ሲገባ አሮጌው እህል ያልቃል፤ አዲሱ ገና ነው። የሚቸገሩት ልጆች ናቸው። ስለዚህ አባቶችን እንለምናለን። ቡና የሸጣችሁ ዕለት ከሁሉ በፊት የልጆች ጥራጥሬ ይገዛ። በአንድ ቅል ወይም እንስራ ይቀመጥ። በላዩ ላይ በእጃችሁ «የልጆች» ብላችሁ ጻፉበት። መጻፍ ችላችኋላ! የተጻፈበትን ነገር ሰው ሁሉ ያከብረዋል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። በቤታችን ቀድሞ የሚቀርበው ለማን ነው? ለአባትና ለእንግዳ ነው። ይህ ያባቶቻችን ወግ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ሳይቀርብ በፊት የሕፃኑ ድርሻ በራሱ ሳህን ተለይቶ ይነሳ። ከአንድ ገበታ ሲበላ ታላቁ ሁለቴ ሲጎርስ ታናሹ አንዴ ይጎርሳል። የእርሱ ሳህን ለብቻ ከሆነ ምን ያህል እንደበላ እናውቃለን።

ጨዋታም ምግብ ነው

የበላ ልጅ መጫወቻ ይፈልጋል። ለዚህስ ገንዘብ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። የቱም ልጆች ራሳቸው አስተምረውናል።

ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ ያላት ከተማ ናትና፣ ልጆቹ ከበቆሎ አገዳ ባለ ክንፍ አውሮፕላን ሲሠሩ አይተናል። ከጭቃ በሬ ከነቀንበሩ ይሠራሉ። ከአሮጌ ጨርቅ ኳስ ይጠቀልላሉ። ሴቶቹ ልጆች በጠጠር ቅልብልቦሽ፣ በመሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። እኛ ይህን ንቀን ከረሜላ እናድል ነበር!

ማታ ማታ ደግሞ እናንተ ግቡበት። መሬት ላይ 12 ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በያንዳንዱ 4 ፍሬ ጨምሩና ገበጣ ተጫወቱ። ፍሬው በጠቅላላው 48 ነው። ልጁ እየተጫወተ መደመርና መቀነስ ይማራል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፍሬ በእጁ አትስጡ፤ አፍንጫው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ተረትም ንገሯቸው፤ እንቆቅልሽም ጠይቋቸው። በዲዚኛም ይሁን በሌላው ቋንቋችሁ፣ አያቶቻችሁ የነገሯችሁን ንገሯቸው። አባት የነገረው ተረት ከሱቅ አይገዛም። ልጅ ካባቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ሲስቅ፣ የበላውም ይስማማዋል።

ማሳሰቢያ

እግሩ ያበጠ፣ ፀጉሩ የሳሳና ቀለሙን የለወጠ፣ የከሳ፣ መብላትና መጫወት የተወ ልጅ ካያችሁ አትቆዩ። «ቀንቶ ነው» ብላችሁ እንደ እኛ አትለፉት። የእናንተ ልጅ ይሁን የጎረቤት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እናቶችና አባቶች፣

ያ ሕፃን ከጤና ጣቢያ የተመለሰ ሰሞን፣ አንድ ማታ ስናስተምር ከውጭ ጫጫታ ሰማን። ወጥተን ብናይ የጨርቅ ኳስ እየተከተለ ይሮጣል። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ሮጠ። ፊቱ እንደ ድሮው ሞላ ያለ አልነበረም፤ ቀጠን ብሏል። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። በዚህ ጊዜ «ወፍራም ልጅ አለሽ» አላልናትም። «ተጫወተልሽ!» አልናት። ያኔ ሳቀች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ልጆቻችሁን ቁጠሩ፤ የተጫወተውንና ያልተጫወተውን ለዩ። ላልተጫወተው ቀድማችሁ አጉርሱት።