ወደ መንገድ የወጣ ፎቅ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በአንድ የግንባታ ባለሙያ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ከታች ድጋፍ ሳይኖረው ወደ ደጅ ስለሚወጣ ፎቅና ሰገነት ነው። ባለሙያዎች ካንቲሊቨር ይሉታል። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ምድር ቤቱ ጠበብ፣ ፎቁ ሰፋ ብሎ በእግረኛው ራስ ላይ የወጣ ሕንፃ ሳያይ አይመለስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ። ወደ ጎን መስፋት ያልቻለ በአየር ላይ ይሰፋል። መካነ ሰላምም እንግዲህ በደጋው ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ብቻ አይደለችም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ ነው፤ የኪራይ ክፍል ፈላጊ አለ። ቤቱን በአንድ ሜትር ማስፋት የማይመኝ ማን አለ?

ነገሩ በራሱ ነውር የለበትም። በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ለአረጋውያን 100 መኖሪያ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ተሠርቶ ነበር። በቦታው ሊገባ የቻለው ግን 87 ብቻ ሆነ። የቀሩትን 13ቱን ከሕንፃው ጎን አውጥተው በአየር ላይ ሰቀሏቸው። እስካሁን ሰው ይኖርባቸዋል። ይኸ የሆነው ግን ተሰልቶና በጠንካራ ብረት ከዋናው ሕንፃ ጋር ተያይዞ ነው፤ በግምት አይደለም።

አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ። ኮርቻና ስልቻ የምንሰቅልበትን ኩላብ ሁላችንም እናውቃለን። ኩላብ የሚይዘው ከግድግዳው ውጭ ባለው ጫፉ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ በገባው ነው። ጠልቆ ካልገባ ስልቻውን ይዞ ይወርዳል። ሰገነትም እንደዚሁ ነው። ፌሮው ወደ ውስጥ፣ ወደ ዋናው ሶሌታ ርቆ መግባት አለበት፤ ወደ ውጭ ከወጣው ርዝመት ቢበልጥ እንጂ ባያንስ ይመረጣል። በነባር ቤት ላይ ግድግዳ ቦርቡሮ ሰገነት መቀጠል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር፤ ሰገነት ሲከብደው ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የላይኛው ፊቱ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። አርማታ መጨመቅን ይችላል፤ መለጠጥን አይችልም። ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ በኩል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥፋት የሚደርሰው። ፌሮው በትክክል ታስሮ ሳለ፣ አርማታ ሲፈስ ሠራተኛው እየረገጠ ወደ ታች ያሰጥመዋል። በማግስቱ ከውጭ ያየ ሰው ምንም አያውቅም። ፌሮው አለ፤ ግን ያለ ቦታው ነው።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። አንድ ሜትር የወጣው ሰገነት ሁለት ሜትር ይሁን ስንል፣ ሥሩ ላይ የሚደርሰው ጫና እጥፍ የሚሆን ይመስለናል። አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው! ክብደቱንም አስሉት። 4 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሰገነት ባዶውን 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ከዚያ 1,000 ሊትር የውሃ በርሜል ብታስቀምጡበት ሌላ 10 ኩንታል ጨመራችሁ ማለት ነው። ጤፍም ከዚያው ይከመራል፤ ለሠርግ ሰውም ይቆምበታል።

ክረምታችንንም አንርሳ። ዋናው ፌሮ ከላይ ነው ብያለሁ፤ ውሃ የሚተኛውም ከላይ ነው። መፍሰሻ ከሌለው ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። በአሜሪካ በበርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሰገነት ተደርምሶ 6 ወጣቶች ሞተዋል፤ 7 ቆስለዋል። እንጨቱ ውሃ ገብቶበት ከውስጥ በስብሶ ነበር። ሀብታም አገር መሆን ከውሃ አላዳነም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077፣ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኀላፊ ያደርጋል። «ግንበኛው ነው ያጠፋው» ማለት ከተጎጂው ፊት አያድንም። ይኸው ሕግ የሰው ሕንፃ የሚያሰጋው ጎረቤት፣ ባለቤቱ አደጋውን የሚያስወግድ ሥራ እንዲሠራ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ጎረቤት መጥቶ ቢናገር ምቀኛ አትበሉት። ከዚያ ሰገነት ሥር የሚያልፈው የእሱም ልጅ፣ የእናንተም ልጅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ፎቅ የሚሠራ ሰው በባለሙያ የተሰላ ፕላንና የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይያዝ። ፌሮ ከሩቅ በመኪና ስለሚመጣ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቁጠባ ከተፈለገ ሰገነቱ ይጠር እንጂ ፌሮው አይቀነስ።

ሁለተኛ፤ አርማታ በሚፈስበት ቀን ባለቤቱ ወይም ባለሙያው ቆሞ የላይኛው ፌሮ እንዳይረገጥ ይጠብቅ። ድጋፍ እንጨቱም ባለሙያው ሳይፈቅድ አይነሣ። ሲነሣም ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ይሁን።

ሦስተኛ፤ ሰገነት ያላችሁ ሁሉ ክረምት ሳይገባ ወለሉን ጠርጋችሁ፣ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይኛውን ፊት እዩ። በግድግዳው ትይዩ የተዘረጋ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ጫፉ ካዘነበለ፣ ዕቃውን ዛሬውኑ አውርዱ፤ ሰው እንዳይወጣበትና ከሥሩም እንዳይተላለፍ ከልክሉ፤ ባለሙያም ጥሩ። በሲሚንቶ መምረግ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ሰገነቱን አያጠነክርም።

ተከራዮችም አደራ፤ «ቤቱ የኔ አይደለም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። የምትተኙት እናንተ ናችሁ።